የቨርጂኒያ መኪናና የአዲስ አበባ መንጃ ፈቃድ ጀርመን ሲደርሱ

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እንኖራለን። እኔ አሜሪካ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ እሷ ከአዲስ አበባ ከመጣች ስምንት ወሯ ነው። ፍራንክፈርት አካባቢ ሥራ ስላገኘሁ ከአራት ወር በኋላ ጓዛችንን ጠቅልለን እንሄዳለን። የ2018 ቶዮታ ራቭ ፎር አለችኝ፤ ከገዛኋት አሥራ አራት ወር ሆነ፣ ብድሯንም ጨርሻለሁ። በመርከብ ልጫናት ወይስ እሷን ሸጬ ከዚሁ አዲስ መኪና ገዝቼ ልሂድ? እዚያው ጀርመን፣ ራምስታይን የሚያገለግል የአሜሪካ ጦር ባልደረባ የሆነ የአክስቴ ልጅ ‹ምንም ችግር የለውም፣ እኔ እንዳለ ነው ያስገባሁት› ይለኛል። መንጃ ፈቃድን በተመለከተ የእኔ የቨርጂኒያ ነው፣ የባለቤቴ የኢትዮጵያ ነው።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ስለ መኪናዋ ብዙ ጽፈው የባለቤትዎን መንጃ ፈቃድ በሁለት ቃል አልፈውታል። እኔ ከእሱ ልጀምር። ቀሪዎቹ አራት ወራት በጣም የሚያስፈልጉት ለእሱ ነውና።

ጀርመን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በተሰጠ መንጃ ፈቃድ እንዲነዱ የምትፈቅደው በአገሩ ኑሮ ከመሠረቱበት ቀን አንሥቶ ለስድስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ካርዱ በኪስዎ ቢኖርም ያለ መንጃ ፈቃድ እንደሚነዳ ሰው ይቆጠራሉ። ይህ ደግሞ ያላግባብ ቆመው እንደሚቀጡት ቅጣት ከፍለው የሚረሱት ጉዳይ አይደለም፤ በወንጀል ያስጠይቃል፣ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ አለው። አደጋ ከደረሰ ደግሞ የመድን ድርጅቱ ፊቱን እንደሚያዞር ሳይነገር ይታወቃል። ብዙ ሰው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የተባለውን ደብተር ይዞ ስድስት ወሩን የሚያራዝምለት ይመስለዋል። ደብተሩ የዋናው ካርድ ትርጉም ነው፤ ዋናው ካርድ ዋጋ ሲያጣ ትርጉሙም አብሮት ይወድቃል።

ስለዚህ ካርዱን በጀርመኑ ማስለወጥ ያስፈልጋል፤ እዚህ ጀርመን ያለው አበሻ በጀርመንኛው «ኡምሽራይበን» ይለዋል። እንዴት እንደሚለወጥ የሚወስነው ካርዱን የሰጠው ማን ነው የሚለው ነው። ጀርመን ፈተና ሳትጠይቅ የምትለውጥላቸውን አገሮች በሰንጠረዥ ዘርዝራለች፤ አሜሪካንም እንደ አንድ አገር ሳይሆን ግዛት በግዛት ነው የምትመለከታት። ቨርጂኒያ ሰንጠረዡ ውስጥ አለች፤ ተራ የቤት መኪና የሚያስነዳው ፈቃዷ ያለ ፈተና ይለወጣል። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ ግን የንድፈ ሐሳብ ፈተና ይጠየቅባታል። ካሊፎርኒያ ጭራሽ የለችም። ኢትዮጵያም የለችም።

ይህ ማለት እርስዎ በቨርጂኒያ ካርድዎ ማመልከቻ፣ ፎቶግራፍ፣ የነዋሪነት ምዝገባና አብዛኛው መሥሪያ ቤት የሚጠይቀውን የጀርመንኛ ትርጉም አቅርበው የጀርመኑን ይወስዳሉ። ባለቤትዎ በኢትዮጵያው ካርድ ከሄዱ ግን ሁለቱንም ፈተና ከሥር ጀምረው መውሰድ አለባቸው። አሥራ አምስት ዓመት አዲስ አበባ ላይ በሚኒባስና በባጃጅ መካከል ተሽሎክልከው የነዱ ቢሆኑም ልዩነት የለውም።

ፈተናው ምን እንደሚመስል ልንገርዎ፣ ከዚያ ለምን ከአሁኑ እንዲያመልጡት እንደምመክር ይገባዎታል። በቅድሚያ የዓይን ምርመራ አለ፤ ይህ ቀላል ነው፣ መነጽር ቤት ውስጥ ይሠራል። ቀጥሎ የአንድ ሙሉ ቀን የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ትምህርት አለ። ከዚያ የንድፈ ሐሳቡ ፈተና ይመጣል፤ 30 ጥያቄዎች አሉት፣ ስሕተቱ ከ10 ነጥብ ካለፈ ወድቀዋል። ባለ አምስት ነጥብ የሆኑትን ከባድ ጥያቄዎች ሁለቱን ከሳቱም፣ ድምሩ ገና 10 ቢሆንም ወድቀዋል። ፈተናው በጀርመንኛና በሌሎች 12 ቋንቋዎች ይሰጣል። እንግሊዝኛ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ወዲህ ዐረብኛም ተጨምሯል። አማርኛ የለም። አስተርጓሚ ይዞ መግባትም አይቻልም። የተግባሩ ፈተና በጠቅላላው 55 ደቂቃ የተመደበለት ሲሆን በከተማ፣ ከከተማ ውጭና በፈጣን መንገድ ያስነዳል። ሕጉ ውጭ አገር መንጃ ፈቃድ የነበረውን ሰው የተወሰነ ቁጥር ያለው ትምህርት እንዲወስድ አያስገድደውም፤ ነገር ግን ለተግባሩ ፈተና የግድ በመንጃ ትምህርት ቤት መኪና፣ ከአስተማሪ ጋር መቅረብ አለበት። አስተማሪው ደግሞ «ገና ነዎት» ካለ ገና ነዎት። እዚያ ላይ ነው ገንዘቡ የሚሄደው።

ከልምድ የማየው ነገር አለ። ቶሎ የሚወድቁት ጀማሪዎች አይደሉም፤ ለዓመታት የነዱ ሰዎች ናቸው። እጃቸው ይነዳል፣ ዓይናቸው ግን በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ አንገት አዙሮ ብስክሌት የመፈለግ ልማድ የለውም። በስፖኪዮ ብቻ አይተው ወደ ቀኝ ሲታጠፉ አስተማሪው ፍሬን ይረግጥላቸዋል፣ ፈተናውም እዚያው ያበቃል።

እንግዲህ ምክሬ፦ ባለቤትዎ ከመሄዳችሁ በፊት የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ ያውጡ። ፈተናውን እዚያ ይፈተኑ፤ ያው ፈተና ነው፣ ግን የሚያውቁት ሰፈር ውስጥ፣ በእርስዎ መኪና፣ በጣም ባነሰ ወጪ የሚያልቅ ነው። ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ የለማጅ ፈቃድ ጀርመን ውስጥ አይቆጠርም፤ ሙሉ መንጃ ፈቃድ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ቨርጂኒያ ፈተና እንዳለፉ የምትሰጠው ጊዜያዊ ወረቀት ነው፤ ፕላስቲኩ ካርድ በፖስታ ይመጣል። ካርዱ እጃቸው ሳይገባ አውሮፕላን አይሳፈሩ። መንጃ ፈቃዱ የተሰጠው ጀርመን ኑሮ ከጀመሩ በኋላ ከሆነ፣ ለእረፍት ተመልሰው ያወጡት እንኳ ቢሆን፣ ተቀባይነት የለውም። ዋሽንግተን ዲሲ የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ ትሰጣለች ብሎ «የዘመድ አድራሻ እናስመዝግብና እዚያ ትፈተን» የሚል መካሪ አይጠፋም። የማይኖሩበትን አድራሻ መስጠቱ ራሱ ጥፋት ነው፤ ከዚያም ላይ አስቀድሜ እንዳልኩት የዲሲው ካርድ ጀርመን ላይ ሌላ የንድፈ ሐሳብ ፈተና ይጠብቀዋል።

አዲሱ ካርድ ሲሰጥዎ የቨርጂኒያውን ይረከቡዎታል። ሁለቱን ይዤ እኖራለሁ ብለው አይቁጠሩ።

ጊዜው አልበቃ ብሎ ባለቤትዎ በኢትዮጵያው ካርድ መሄዳቸው ካልቀረ ስለ ወረቀት ሁለት ነገር ልጨምር። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። ፀሐይ የሚለው ስም በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በመንጃ ፈቃዱ ሌላ ዓይነት፣ በጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ አይቻለሁ። የጀርመን ጸሐፊ ይህን እንደ ሦስት ሰው ነው የሚያየው። ተርጓሚው ሲተረጉም የፓስፖርቱን አጻጻፍ እንዲከተል፣ ልዩነቱንም በግርጌ እንዲገልጽ ይንገሩት። ወረቀቶቹ ላይ በእኛ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ካለም ወደ አውሮፓው መለወጡን ያረጋግጡ። አለበለዚያ በሰነድ ላይ በአሥር ዓመታቸው መኪና መንዳት የጀመሩ ሴት ሆነው ይገኛሉ።

አሁን ወደ ራቭ ፎሯ። የአክስትዎን ልጅ ነገር መጀመሪያ እናንሣው፤ ምክንያቱም በየሳምንቱ የሚያጋጥመኝ ነው። እሱ አልዋሸም። ጀርመን የሚያገለግሉ የአሜሪካ ወታደሮች በኔቶ አገሮች መካከል በተደረገ ስምምነት ሥር ናቸው፤ መኪናቸውን የሚመዘግብላቸውም መንጃ ፈቃድ የሚሰጣቸውም ጦሩ ራሱ ነው። የአሜሪካ መብራት ይዞ የሚሄድ ወታደር መንገድ ላይ ቢያዩ አይገረሙ። ሲቪል ሆነው በሥራ ቪዛ የሚገቡት እርስዎ ግን እንደ ማንኛውም ፍራንክፈርቴ የጀርመን ጉምሩክ፣ የጀርመን ቴክኒክ ምርመራና የጀርመን ምዝገባ ይጠብቅዎታል። የእሱን ምክር ለእሱ ይተዉለት።

ጉምሩኩ ለእርስዎ ለጋስ ሊሆን ይችላል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ቢያንስ 12 ወር የኖረ ሰው ኑሮውን ሲያዛውር የቤት ዕቃውን፣ መኪናውንም ጨምሮ፣ ያለ ቀረጥ ማስገባት ይችላል። ሁኔታዎቹ እነዚህ ናቸው፦ መኪናዋን ከመዛወርዎ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር በባለቤትነት ይዘው የተጠቀሙባት፣ ኑሮ ከመሠረቱ በ12 ወር ውስጥ የምታስገቧት፣ ከገባች በኋላም ለ12 ወር የማይሸጧት፣ የማያከራዩአት፣ የማያውሷት፣ በመያዣ የማያስይዟት መሆን አለባት። ለአሥራ አራት ወር የነዷት መኪና መስፈርቱን ታሟላለች። የሚሞላው ቅጽ 0350 የሚባለው ነው። ከእሱ ጋር የሥራ ውልዎን፣ የጀርመን የነዋሪነት ምዝገባዎን፣ በስምዎ ያለውን የመኪና ሰነድና አሜሪካ መኖርዎን የሚያሳይ ማስረጃ ያያይዛሉ። ጀርመኖች ከአገር ሲወጡ ከነዋሪነት መዝገብ የመሰረዝ ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ አሜሪካ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ስለዚህ የቤት ኪራይ ውል የተቋረጠበት ደብዳቤ፣ የመብራትና የውኃ ክፍያ፣ የግብር ወረቀት ይሰብስቡ።

«ለ12 ወር አያውሱ» የሚለው ቃል የእኛን ሰው ይጥለዋል። ባለቤትዎ ቢነዷት ምንም አይደለም፤ አንድ ቤት ናችሁ። ሽቱትጋርት ላለው የአጎት ልጅ «እስክትገዛ ድረስ ያዛት» ብሎ ለሦስት ወር መስጠት ግን ሌላ ነው፤ ቀረጡን ወደ ኋላ ተመልሰው ሊያስከፍሉዎት ይችላሉ። ሰነዱ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነም ይመልከቱ። መኪናዋ በስምዎ ካልሆነች፣ ለምሳሌ የባንክ ታሪክ ስላልነበረዎት በወንድምዎ ስም የተገዛች ከሆነች፣ ነፃ መብቱ የለም።

«ሸጬ አዲስ ልግዛ» የሚለው ሐሳብ የሚፈርሰውም እዚሁ ላይ ነው። ስድስት ወር ያልሞላት መኪና ሙሉ ቀረጥ ትከፍላለች። የተለመደው ሒሳብ በቤት መኪና ላይ 10 በመቶ ቀረጥ፣ ከዚያ ቀረጡ ራሱ ተደምሮ በጠቅላላው ላይ 19 በመቶ የገቢ ዕቃ ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። የመርከቡ ክፍያም ዋጋው ውስጥ ይገባል። መኪናዋና ማጓጓዣዋ በድምሩ 32,000 ዩሮ ቢሆኑ ቀረጡ 3,200 ይሆናል፤ 19 በመቶው በ35,200 ላይ ሲሰላ 6,688 ይመጣል። በድምሩ 9,888 ዩሮ፣ ገና ቴክኒኩ ሳይነካ። አሜሪካ ርካሽ ሆኖ የታየው ዋጋ ብሬመርሃፈን ወደብ ላይ አልቆ ያድራል።

ቴክኒኩ የእኔ እንጀራ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ መኪና ሁሉ አምራቹ የሚሰጠው የተስማሚነት ምስክር ወረቀት አለው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እሱን አይቶ ይመዘግባል፣ በቃ። የእርስዎ መኪና ያ ወረቀት የላትም፤ ቶዮታንም ቢጠይቁ አይገኝም፣ ምክንያቱም ለአሜሪካ የተሠራችው ባለ 2.5 ሊትር ቤንዚን ሞተር ራቭ ፎር በዚያ ዘመን ጀርመን ውስጥ አልተሸጠችም። እዚህ 2.5 ሊትር የነበረው ሃይብሪዱ ነው። ስለዚህ ቲዩፍ ወይም ዴክራ የተባሉት የመኪና ምርመራ ድርጅቶች ዘንድ ቀርባ ለእሷ ለብቻዋ የሚሰጥ ፈቃድ የሚያስገኝ የባለሙያ ዘገባ ሊጻፍላት ይገባል። መርማሪው የጭስ ልቀቷን፣ የድምፅዋን፣ የፍሬኗን፣ የመብራቷን፣ የመስተዋቷንና የጎማዋን ነገር አንድ በአንድ ከአውሮፓው ደንብ ጋር ያስተያያል። የልቀት መረጃው ከሌላ ምንጭ ካልተገኘ ተገዝቶ የሚቀርብ የመረጃ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ይህ ለብቻው ዋጋ አለው። የቨርጂኒያው ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራ ተለጣፊ እዚህ ጌጥ ነው።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ያድርጉ። አራቱንም ፍሬቻ በአንድ ላይ የሚያበራውን ቁልፍ ተጭነው ከመኪናዋ ጀርባ ይቁሙ። የሚብለጨለጨው ቀይ ነው ወይስ ብርቱካናማ? አሜሪካ ቀይ ፍሬቻ ትፈቅዳለች፤ አውሮፓ አትፈቅድም። ከዚያ ወደ ጎን ይዙሩ፤ በስፖኪዮው ወይም በፊት መከላከያው ጎን ላይ የሚበራ ተጨማሪ ፍሬቻ አለ? እዚህ የግድ ነው፤ ብዙ የአሜሪካ መኪኖች የላቸውም። ከፊት ያለው ትንሹ የማቆሚያ መብራት ብርቱካናማ ከሆነ ነጭ መሆን አለበት። ከኋላ የጭጋግ መብራት፣ በረዶና ጭጋግ ውስጥ ከሩቅ የሚታይ ቀይ ብርቱ መብራት፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ለተመዘገበ መኪና ሁሉ ግዴታ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የለም ማለት ይቀላል። የፊት መብራቱ መስተዋት ላይም የአውሮፓው የማረጋገጫ ምልክት፣ በክብ ውስጥ ያለች የላቲን ኢ ፊደልና ቁጥር፣ መኖሩን ይዩ። የአሜሪካ መብራት መንገዱን የሚያበራበት አጣጣል ከአውሮፓው ይለያል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን የሚያጭበረብርበት ጊዜ አለ።

ይህ ሁሉ ይስተካከላል። የኋላ መብራቶቹን ማስለወጥ፣ የጭጋጉን መብራት ከዳሽቦርድ እስከ ኋላ ሽቦ ዘርግቶ ማስገባት፣ የፊቱን በአውሮፓው መተካት ይቻላል። ለአንዳንዱ ጉድለት መርማሪው «ውጤቱ ተመጣጣኝ ነው» ብሎ ሊያልፈው፣ ለሌላው ደግሞ የክፍለ ግዛቱ ባለሥልጣን የተለየ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ በተለይ ኑሮውን ያዛወረ ሰው መኪና ሲሆን። ግን በዚህ ተስፋ መርከብ አይጫኑ። መኪናዋ ከመነሣቷ በፊት የምትመረመርበትን ጣቢያ መርጠው ፎቶዎቹንና የሻንሲ ቁጥሯን በኢሜይል ይላኩ፤ መርማሪው ምን እንደሚፈልግ በጽሑፍ ያስነግሩት። አንድ ደንበኛዬ ይህን ሳያደርግ መጥቶ፣ አንድ ጋራዥ «እኛ እናውቀዋለን» ብሎ ገንዘቡን ተቀብሎ የፊት መብራቱን ቢለውጥለት፣ የተገጠመለት በግራ ለሚነዳበት ለእንግሊዝ የተሠራው ሆኖ ተገኘ። ሁለት ጊዜ ከፈለ።

አልፎ አልፎ የምጠየቀው ሌላ ነገር ሬዲዮ ነው። የአሜሪካ ሬዲዮ ከነጥብ በኋላ ጎደሎ ቁጥር ላይ ብቻ እየዘለለ ነው የሚሄደው፤ የአውሮፓ ጣቢያዎች ግን ሙሉ ቁጥር ላይም አሉ። ግማሹን አይሰሙም። ይህ ምርመራ አያሳልፍም አይጥልም፣ ግን ጠዋት ጠዋት ያናድዳል።

እንግዲህ ልጫናት ወይስ ልተዋት ላሉት ፊት ለፊት ልመልስ፦ እኔ ብሆን እሸጣት ነበር። የቀረጥ ነፃ መብት የሚያድነው የጉምሩኩን ወጪ ነው። እሷ 14,000 ዩሮ የምታወጣ፣ ማጓጓዣው 1,500 ቢሆን የሚድነው 4,789 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነው። ነገር ግን ይህ ገንዘብ የሚድነው ካስገቧት ብቻ ነው፤ ካላስገቧት ከመጀመሪያውም አይከፈልም። በዚያ በኩል የመርከቡ፣ የባለሙያው ዘገባ፣ የመብራቱ ሥራ፣ የወደብና የማጓጓዣ ወጪ ይደመራል። ኋላም መሸጥ ሲፈልጉ የጀርመን ገዢ «የአሜሪካ መኪና ነው፣ መለዋወጫው አይገኝም» ብሎ ዋጋውን ይሰብራል። መኪናዋ ብርቅ ብትሆን፣ ወይም ለአካል ጉዳተኛ ተብላ የተስተካከለች ብትሆን፣ ወይም በእርግጥ ለአሥር ዓመት የሚነዷት ቢሆን ሌላ ነገር እል ነበር። ራቭ ፎር ግን ፍራንክፈርት ውስጥ በየጥጉ ይሸጣል። «ኋላ ወደ አዲስ አበባ እልካታለሁ» የሚል ሐሳብ ካለዎትም፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ማስታወቁን አይርሱ።

ልቤ አይቆርጥም ካሉ ግን መንገዱ እንዲህ ነው። ብድሩን ስለጨረሱ የባለቤትነት ሰነዱ፣ አገር ቤት ሊብሬ የምንለው፣ በኤሌክትሮኒክ ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ ዋናውን በወረቀት ያስወጡ፣ የባንኩ ስም መሰረዙንም ይዩ። የአሜሪካ ጉምሩክ መኪናዋንና ዋና ሰነዱን መርከቧ ከመነሣቷ ቢያንስ 72 ሰዓት በፊት ማየት ይፈልጋል። ከእናንተ አቅራቢያ መኪና የሚጫንበት ትልቁ ወደብ ባልቲሞር ነው፤ የሚራገፈውም በአብዛኛው ብሬመርሃፈን። ተነድታ በምትገባበት መርከብ ከሆነ ውስጧ ዕቃ አይጫንም፤ ቡና መውቀጫውንና ምጣዱን ለሌላ ሣጥን ያቆዩ። ከሁሉ በላይ፣ እርስዎ ጀርመን ገብተው ቤት አግኝተው የነዋሪነት ምዝገባ ሳያደርጉ አያስነሷት። ቤት ከገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለብዎት፤ ፍራንክፈርት ላይ የሚከብደው ግን ቤቱን ማግኘቱ ነው። አድራሻ የሌለው ሰው 0350ን መሙላት አይችልም፣ ወደቡ ደግሞ መኪናዋ ለቆመችበት ቀን ያስከፍላል።

ጉምሩኩ ካለፈች በኋላ መኪና በሚጭን መኪና ወደ ምርመራ ጣቢያው ያስወስዷት። ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ የአምስት ቀን ሰሌዳ አለ፤ ነገር ግን ምርመራ ያላለፈች መኪና በእሱ የምትነዳበት ርቀት ስለሚገደብ ከብሬመርሃፈን ፍራንክፈርት ድረስ አያዋጣም። ዘገባው ከተጻፈና በየሁለት ዓመቱ የሚደገመው መደበኛ ምርመራ ከታለፈ በኋላ ምዝገባው ራሱ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ፓስፖርት፣ የነዋሪነት ወረቀት፣ ዋናው የአሜሪካ ሰነድ፣ የጉምሩክ ማረጋገጫ፣ የባለሙያው ዘገባና የመድን ድርጅቱ የሚሰጥዎ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ ይያዛሉ። የባንክ ሒሳብ ቁጥርም ይጠየቃል፤ የመኪና ግብር ከእሱ በቀጥታ ስለሚቆረጥ። ግብሩን የሚሰበስበው ጉምሩክ ነው፤ ከወደብ የተሰናበቱት መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ያስታውስዎታል። ስሌቱ በሞተሩ መጠንና በካርቦን ልቀቱ ነው። ለ2.5 ሊትር ቤንዚን በየ100 ሲሲው 2 ዩሮ ሲታሰብ 50 ዩሮ ይሆናል፤ ዘገባው በኪሎ ሜትር 190 ግራም ቢጽፍ ከ95 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ግራም 2 ዩሮ ተደምሮ 190፣ በድምሩ በዓመት 240 ዩሮ ነው።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች፣ ሁለቱም ቅጣት ያመጣሉ። የፍራንክፈርት መሀል ከተማ አረንጓዴ የልቀት ተለጣፊ የሌለው መኪና አያስገባም፤ የእርስዎ ቤንዚን ስለሆነች ማግኘቱ አያስቸግርም፣ መለጠፉን ግን አይርሱ። ሁለተኛው ጎማ ነው። አሜሪካ «ለአራቱም ወቅት» ተብሎ የሚሸጠው ጎማ አብዛኛው የጭቃና በረዶ ምልክት ብቻ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያ ምልክት በጀርመን የክረምት መንገድ ላይ አይበቃም፤ ተራራና የበረዶ ቅንጣት የተሣለበት ጎማ ያስፈልጋል። በረዷማ መንገድ ላይ ያለ እሱ የተገኘ ይቀጣል።

እርስዎ ፈተና ስለማይጠየቁ ማንም ሳይነግርዎት ወደ መንገድ ይወጣሉ፤ ስለዚህ እኔ ልንገርዎ። ቨርጂኒያ ውስጥ ቀይ መብራት ላይ ቆም ብለው ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ፤ ጀርመን ውስጥ አረንጓዴ ቀስት ያለበት ትንሽ ምልክት ከሌለ አይታጠፉም። ምልክት የሌለበት የሰፈር መስቀለኛ መንገድ ላይ ደግሞ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ አይሄድም፤ ከቀኝዎ የሚመጣው ነው የሚቀድመው፣ መንገዱ ከእርስዎ የጠበበ ቢሆንም።

የመድን ነገር ከመሄድዎ በፊት የሚያልቅ ሥራ አለው። አደጋ ሳያደርሱ የቆዩባቸውን ዓመታት የሚገልጽ ደብዳቤ ከአሜሪካው የመድን ድርጅትዎ ያስጽፉ። አንዳንዱ የጀርመን ድርጅት ይቀበለዋል፣ አንዳንዱ ከዜሮ ያስጀምርዎታል፤ ደብዳቤው ከሌለዎት ግን ሁሉም ከዜሮ ነው። ይህን ደብዳቤ፣ ዋናውን ሊብሬ፣ የግዢ ውሉንና ሁለቱን የቨርጂኒያ ካርዶች በእጅ ቦርሳዎ ይዘው ይሳፈሩ። ከቤት ዕቃው ጋር በመርከብ ሣጥን ውስጥ ከከተቷቸው፣ ሣጥኑን ከጉምሩክ ለማስለቀቅ የሚጠየቁት ወረቀት ሣጥኑ ውስጥ ይሆናል።